የጣት ጫፍ ቁስሎች

ሰኞ፣ ሜይ 6

የዓመቱ የመጀመሪያ ትልቅ ማዕበል ዛሬ ከደቡብ ምዕራብ ገባ። አዲስ ደብተር ጀመርኩ፤ አሥረኛዬ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በየዓመቱ አንድ እሞላለሁ፦ ቀኑን፣ ነፋሱን፣ የማዕበሉን አቅጣጫ፣ ከማዕበል ጋላቢዎቹ ማን እንደወደቀ፣ እንዴት እንደወደቀ፣ ውሃ ውስጥ ስንት ሰከንድ እንደቆየ። የምቆጥረው ትምህርት ቤቱ ሲያሰናብተኝ በሰጠኝ የሩጫ ሰዓት ነው።

ዛሬ አራት ወደቁ። ሦስቱ ለመጻፍ አይበቁም። አራተኛው አውስትራሊያዊ ነው። ማዕበል የሚጋልብበት ሰሌዳው ላይ ለመቆም ዘገየ። እግሩ ሥር የነበረው ውሃ ጠፋና አየር ላይ ሁለት ጊዜ ተገለባበጠ፤ ከዚያ የማዕበሉ ጣሪያ ላዩ ላይ ተደረመሰ። አሥራ አራት ሰከንድ። የሰሌዳው ግማሽ ከባለቤቱ ቀድሞ ደጄ ደረሰ።

ጀልባ ነጂው ቲኔ ሰውዬውን ደግፎ በረንዳዬ ላይ፣ ከውስጥ ባወጣሁት ሁለተኛ ነጭ ወንበር አስቀመጠው። ከመንደሩ ቤቶች ሁሉ ማዕበሉ ለሚሰበርበት የባሕር በር የሚቀርበው የኔ ስለሆነ፣ ኮራል፣ ያ ከውሃው ሥር ያለ ስለታም ድንጋይ፣ የላጠው ሰው ሎሚ የሚታሸው እዚህ ነው። ሰውዬው የተቆረጠውን ሎሚ ሲያይ ሐኪም ጠየቀ።

“ሐኪሟ እሷ ናት” አለው ቲኔ። “ነርሷም እሷ ናት። መድኃኒት ቤቱ ደግሞ ያ ዛፍ ነው።”

የቤቴ ሕግ አንድ ነው። ሎሚ የሚታሽ ሰው አይጮህም፤ በጩኸቱ ፈንታ አወዳደቁን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይናገራል። ሕጉን ያወረሰችኝ አማቴ ናት። አፍ ሥራ ከያዘ ቆዳ ይረሳል ትል ነበር። አውስትራሊያዊው ግን ጮኸ። ቋንቋውን ስለማላውቅ ዜሮ አልሰጠሁትም።

ማክሰኞ፣ ሜይ 14

ነፋስ የለም። የማዕበሉ ከፍታ ሁለት የሰው ቁመት።

ፑኑአ ወደቀ። አሁን ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ አምስተኛ ክፍል ያስተማርኩት እኔ ነኝ። በዚህ ባሕር ላይ ከሱ የተሻለ የሚጋልብ የለም፤ ይህን የምለው ተማሪዬ ስለነበረ አይደለም። እንደ ዋሻ በተጠቀለለው የማዕበሉ ሆድ ውስጥ ገብቶ ሊወጣ ሁለት ክንድ ሲቀረው ፊቱ ተዘጋበት። ሃያ ሦስት ሰከንድ።

“ጀምር” አልኩት፣ ሎሚውን እየጨመቅኩ።

“ውስጥ ነበርኩ። ብርሃኑን አየሁት። ከዚያ ተዘጋ። ከዚያ ወጣሁ።”

“መካከሉስ?”

“መካከሉ ውሃ ነው፣ ማማ።”

“አልተሟላም።”

“አምስተኛ ክፍልም እንዲህ እያልሽ ነው ያስደገምሽኝ።”

“ያስደገምኩህ በሂሳብ ነው።”

ቁስሎቹ፦ የአሥሩም ጣቶቹ ጫፍ፣ ቀኝ መዳፉ፣ ግንባሩ። ጀርባው ንጹሕ ነው። ከግራ ጆሮው ጥቂት ደም ወጥቷል። ምንድን ነው ስለው “ውሃ ነው” አለኝ። ውሃ ቀይ አይደለም አልኩት። ያኔ ቀልዱን ተወ።

“ለማሄአታ እንዳትነግሪያት። ስድስተኛ ወሯ ነው፣ እንቅልፍ የላትም። ለቲኔም አትንገሪ። በጁላይ መጨረሻ ማጣሪያ ውድድር አለ። ዕድሜዬ ሄዷል፤ ከዘንድሮ በኋላ እኔ የሰው ሻንጣ የማመላልስ ጀልባ ነጂ ነኝ፣ ታውቂዋለሽ።”

ለሚስቱም ለቲኔም ላልናገር ቃል ገባሁለት። ጎደሬና ዓሣ በላ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ተቀመጠ።

ሐሙስ፣ ሜይ 16

ባሕሩ ጸጥ ብሏል። የወደቀ የለም። ልጄ ከባሕር ማዶ፣ ከምትኖርበት ከኑሜአ ከተማ አልደወለችም።

ረቡዕ፣ ሜይ 22

ጸጥታ። ሎሚ ለቀምኩ፤ ሠላሳ አንድ። ጎደሬው ተረፈ።

ማክሰኞ፣ ሜይ 28

ፑኑአ እንደገና። ማዕበሉ ከኋላው ያዘው፣ ወደ ላይ ጎትቶ ጣሪያው ላይ አወጣው፣ ከጣሪያው ጋር አብሮ ጣለው። በአሥር ዓመት ውስጥ እንዲህ ዓይነቱን አወዳደቅ ሰባት ጊዜ ብቻ ነው የጻፍኩት። ሃያ ሰባት ሰከንድ።

እንደገና የጣቶቹ ጫፍ። እንደገና ጀርባው ንጹሕ።

እሱ ከሄደ በኋላ የድሮ ደብተሮቼን አወጣሁ። አራት መቶ አሥራ ሁለት አወዳደቅ አለ። ጀርባ፣ ዳሌ፣ ክርን፣ ተረከዝ፣ የራስ ቅል ጀርባ። የአሥሩም ጣት ጫፍ የተላጠበት አንድም የለም። ሰው ሲወድቅ ኮራሉ ይመጣበታል እንጂ እሱ ወደ ኮራሉ አይሄድም። ጣቱ እንዲህ የሚላጠው ወደ ታች እየቧጠጠ የሚዋኝ ሰው ነው። ወደ ላይ የሚዋኝ የሚመስለው ሰው።

ዛሬ ሲታሽ አጥብቄ ጠይቄው ነበር። በምን ወጣህ አልኩት።

“በገመዱ” አለ። ሰሌዳውን ከቁርጭምጭሚቱ ጋር የሚያያይዘውን ገመድ ማለቱ ነው። “ሰሌዳው ይንሳፈፋል፤ ገመዱን እየሳብኩ ወደ ሰሌዳው እወጣለሁ። ገመዱ የሚለኝን ነው የማምነው።”

“ራስህ ምን ይልሃል?”

“ተይው፣ ማማ። ያን ጎደሬ አቀብይኝ።”

ቅዳሜ፣ ጁን 8

ሱቅ ስገባ ሁለት ሴቶች ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ያወሩ ነበር። አንደኛዋ ስሜን ጠርታ፣ “ማማ ቶሬአ ቤት የሚኬደው ሲቆስሉ ነው” አለች። ሌላዋ ሳቀች። ክፋት አልነበረበትም። ሳሙናና ክብሪት ገዝቼ ወጣሁ። ስኳር ረሳሁ።

ማክሰኞ፣ ጁን 11

ከተማ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷን ስለ አንድ ሰው ጠየቅኳት፤ ስም አልጠራሁም። የጆሮ ታምቡር ተቀዶ ውሃ ሲገባ ምን ይሆናል አልኳት።

“ሁሉ ነገር ይዞርበታል” አለች። “ሰማይና ምድሩን አይለይም። ደረቅ መሬት ላይ ቢሆን ይወድቅና ያበቃል። ውሃ ውስጥ ከሆነ ግን...” አላበቃችውም። “ያ ሰው ፊቱን ሲታጠብ እንኳ ጆሮውን ይድፈን። ማን ነው እሱ?”

“የድሮ ተማሪ” አልኳት። ውሸት አይደለም።

እንግዲህ ገመዱ እስካለ ድረስ ይወጣል። ገመዱ የሚበጠሰው በትልቅ ቀን ነው። ነገ ለማሄአታ እነግራታለሁ።

ዓርብ፣ ጁን 14

አልነገርኳትም። አሰብኩበት። ሁለት ምልከታ ማስረጃ አይሆንም። ተማሪዎቼን ቢያንስ ስድስት ጊዜ አስተውሉ፣ ከዚያ ጻፉ እላቸው ነበር። ደግሞ ቃል ገብቻለሁ። ማዕበሉም በዚህ ሳምንት ትንሽ ነው።

ጠዋት ፑኑአ ትንሽ ቧጭሮት መጣ፤ ክርኑን ብቻ። ሎሚ የማያስፈልገው ቁስል ነበር። አሸሁለት። ሲቀመጥ ሁልጊዜ በግራዬ ይሆናል፤ የሚሰማው ጆሮው ወደ እኔ እንዲሆን። ልብ ያልኩ አይመስለውም።

እሑድ፣ ጁን 23

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ማሄአታ በሁለት እጇ ጨበጠችኝ። ከተማ ያደገች ልጅ ናት፤ እስከ ዛሬ እርስዎ ትለኛለች። “ፑኑአ ከእርስዎ ቤት ሲመለስ ደስ ብሎት ነው” አለችኝ። “ከኔ ጋር ዝም ነው የሚለው። ምን ይመግቡታል?”

“ጎደሬ” አልኳት። ልነግራት ነበር። ሰው ብዙ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ፑኑአ መሰላል ይዞ መጥቶ የጣሪያዬን አሸንዳ ጠገነልኝ። መሰላሉ ላይ አንድ ጊዜ ሚዛኑን ሳተና ግድግዳውን ያዘ። ሁለታችንም ያላየን መሰልን። ዝናብ ሲመጣ ውሃው አሁን በትክክል ይወርዳል።

ነገ እነግራታለሁ።

ረቡዕ፣ ጁላይ 3

ፑኑአ፣ ለሦስተኛ ጊዜ። ሠላሳ አራት ሰከንድ። ገመዱ ተስቦ ተስቦ ሥሩ ላይ ተሰንጥቋል። አሳየኝ፤ እንደ ቀልድ። “አዲስ እገዛለሁ” አለ።

ሦስት ምልከታ።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 16

የተወዳዳሪዎቹ ዝርዝር ሱቁ በር ላይ ተለጠፈ። ፑኑአ ስድስተኛው ላይ ነው። ዝርዝሩን የሚይዘው ቲኔ ነው፤ በውድድሩ ቀን ውሃ ላይ በሚሮጥ ሞተር ብስክሌት የወደቁትን የሚያወጣውም እሱ ነው።

“ማማ ቶሬአ፣ ዘንድሮም ለባሕሩ ውጤት ትሰጪዋለሽ?” አለኝ ከሩቅ።

“ካጠና” አልኩት።

ሁሉም ሳቀ። ቀኑን ሙሉ ደህና ነበርኩ።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 23

ከደቡብ በኩል ከባድ ማዕበል እየመጣ ነው፤ ራዲዮው ትንንሽ ጀልባ እንዳይወጣ ይላል። ሐሙስ ይደርሳል። ውድድሩ ሐሙስ ነው። ልጄ ደወለች፤ አራት ደቂቃ። ባሕሩ እንዴት ነው አለችኝ። ትልቅ ነው አልኳት። እራስሽን ጠብቂ አለችኝ። እኔ ቤቴ ውስጥ ነኝ፣ ከምን እጠበቃለሁ?

ሐሙስ፣ ጁላይ 25፣ ጠዋት

አልተኛሁም። የቤቱ ወለል ይንቀጠቀጣል። ቲኔ ጋ ልሄድ ነው። ሁሉንም እነግረዋለሁ።

ያው ቀን

ጀልባ ማቆሚያው ላይ አገኘሁት። ነገርኩት። ሁሉንም አይደለም።

አምስተኛው ሰው ገባ። ወጣ።

ፑኑአ።

ያው ቀን፣ ማታ

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ጠዋት ቲኔ ነዳጅ እየሞላ ነበር። እንዲህ አልኩት፣ “ፑኑአ ወድቆ ገመዱ ቢበጠስ፣ ላይ አትፈልገው። ታች ፈልገው።”

ጀሪካኑን አስቀመጠ። “ምን ማለትሽ ነው?”

“እንዳልኩህ ነው።”

“ማማ፣ አሞት ከሆነ ንገሪኝ። እስክሪብቶው ኪሴ ውስጥ ነው። አሁኑኑ እሰርዘዋለሁ፣ ሲሰድበኝ ይዋል።”

ፑኑአ ከኋላው ሃምሳ እርምጃ ርቀት ላይ ሰሌዳውን ሰም ይቀባ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ። እጁን አነሳልኝ።

“አላመመውም” አልኩ።

ቤቴ ተመልሼ የሩቅ ማያ መነጽሬን አነሳሁ። ማዕበሉ ከቤት ጣሪያ በላይ ነበር፤ ውፍረቱ ግን ከቁመቱ ይብስ ነበር። ፑኑአ በትክክል ተነሳ፣ በትክክል ወረደ፣ መስመሩን በትክክል ያዘ። ምንም አላጠፋም። ማዕበሉ ከኮራሉ ላይ ውሃውን ሁሉ ጠጥቶ ከፊቱ እንደ ደረጃ ተሰበረ። ሰሌዳው ደረጃው ላይ ተደናቀፈ። ፑኑአ በፊቱ ወደቀ፣ አንድ ጊዜ እንደ ተወረወረ ድንጋይ ነጠረ፣ ከዚያ ጣሪያው እላዩ ወረደ። ሰዓቱን ተጫንኩ።

በአሥራ ስምንት ሰከንድ ሰሌዳው ብቻውን ወጣ። ገመዱ ግማሽ ነበር።

በሠላሳ፣ የውሃ ሞተሮቹ አረፋው ላይ እየዞሩ ይፈልጉ ነበር። ሁሉም ላይ ላዩን። በአርባ አንድ፣ ቲኔ ሞተሩን ለሌላው ትቶ ዘለለ። በአርባ አምስት ሌላ ማዕበል መጣ። ሰዓቱ እጄ ላይ ይቆጥር ነበር፤ እኔ መቁጠር ትቼ ነበር። በስልሳ አምስት ሁለት ራስ አየሁ።

ተንፍሷል። ወደ ከተማው ሆስፒታል ወስደውታል። ሳንባው ውስጥ ውሃ አለ፤ በሕይወት አለ።

ዛሬ ለሎሚ የመጣ የለም።

እሑድ፣ ጁላይ 28

ቲኔ መጣ። በረንዳው ላይ አልወጣም፤ ሣሩ ላይ ቆመ።

“ኮራሉን በሁለት እጁ ይዞ ነበር” አለ። “ራሱ ወደ ታች፣ እግሩ እየረገጠ። የተዘጋ በር የሚያስከፍት ይመስል ነበር። ጎትቼ ላወጣው ስል ታገለኝ። የማሰጥመው መስሎት።”

የያዝኩትን ሎሚ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩ።

“እሰርዘዋለሁ ብዬሽ ነበር።”

“ብለኸኝ ነበር።”

“እናቴ ስትሞት ያስታመምሻት አንቺ ነሽ፤ ስለዚህ ሌላ ነገር አልናገርም።” ሄደ።

ሌላ ነገር ቢናገር ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 6

ማሄአታ መጣች። ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች፤ አንድ እጇ ወገቧ ላይ ነው። ተቀመጪ አልኳት። አልተቀመጠችም።

“መቼ ነው ያወቁት?”

ከመልስ ይልቅ ደብተሩን ሰጠኋት። ለምን እንደሰጠኋት አላውቅም። ተማሪ ሳለሁ ካጠፋሁ በኋላ ደብተሬን ራሴ ነበር የማስረክበው። ቆማ ሁሉንም አነበበችው፤ ረጅም ጊዜ ወሰደባት። ጁን 23 ላይ ስትደርስ ጮክ ብላ አነበበች፣ “ነገ እነግራታለሁ።” ገጽ ገለበጠች። “ነገ የታለ?”

“የለም።”

“ሰከንዱን ግን አልሳትሺም።” እርስዎ ማለቱን ትታዋለች። “ሠላሳ አራት። ሃያ ሰባት። እኔ ከጎኑ ተኝቼ ጆሮውን ተባይ ነክሶታል ብዬ ከትራሱ ደም አጥብ ነበር፤ አንቺ ሰከንድ ትጽፊ ነበር። ምን ፈልገሽ ነው? በምን ተጠቀምሽ?”

ቃል ገብቼለት ነበር አልኳት።

“እሱ ልጅ ነው። አንቺ መምህርት ነሽ።”

ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠችው። ብትወረውረው ይቀለኝ ነበር። ለጥያቄዋ ግን አልመለስኩላትም። መልሱን ከዚህ በላይ ባሉት ገጾች ላይ ፈለግኩት፤ በቀጥታ የተጻፈበት ቦታ የለም።

ሰኞ፣ ኦገስት 12

ያልጠበቅኩት ነገር ሆነ። ጠዋት ማሄአታ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት፤ ሻንጣዋ መኪና ላይ ነው።

“ልወልድ ወደ ከተማ እየሄድኩ ነው። እሱ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤት ነው፤ ብቻውን መቆም ግን አይችልም፤ ከአልጋ ሲነሳ ቤቱ ይዞርበታል። እናቴ የምትመጣው ከሳምንት በኋላ ነው። ቲኔ ማታ ማታ ያድርለታል። ቀን ቀን ሰው የለም።” ትንፋሽ ወሰደች። “ይቅር ብዬሽ አይደለም። ቅርብ ስለሆንሽ ነው።”

“ገባኝ።”

“ከጻፍሽ ደግሞ እውነቱን ጻፊ።”

ማክሰኞ፣ ኦገስት 13

ፑኑአ ቤት ዋልኩ፤ ቀኑን ሙሉ አላናገረኝም። ክንዱን ይዤ ከአልጋ ወደ ሽንት ቤት፣ ከሽንት ቤት ወደ መስኮት። ግድግዳውን በጣቶቹ እየዳሰሰ ይሄዳል። ጣቶቹ ድነዋል። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ባሕር የለም ብለውታል፤ ጀልባም ቢሆን እስኪታይ። ምሳውን በላ። ማዕበል ሲመታ ራሱን ወደ ድምፁ ያዞራል፤ የሚያዞረው ግን ወደ ተሳሳተው አቅጣጫ ነው።

ረቡዕ፣ ኦገስት 14

ማሄአታ ወለደች፤ ሴት። ቲኔ ነገረን። ፑኑአ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ። ትቼው ወደ ውጭ ልውጣ ወይስ ልቀመጥ? የማውቀው ሕግ አልነበረኝም። ተቀመጥኩ።

ሐሙስ፣ ኦገስት 15

እውነቱን ጻፊ ብላኛለች።

ዛሬ ከአልጋው ግራ ተነስቼ በቀኙ፣ በሚሰማበት በኩል ተቀመጥኩ። እስከ ዛሬ በሌላው በኩል የተቀመጥኩት ለምን እንደሆነ አሁን ይገባኛል።

“ፑኑአ” አልኩት። “ዝም ያልኩት ቃል ስለገባሁልህ አይደለም። ስድስት ምልከታ ያልኩትም ሰበብ ነው። ብናገር ባሕር መውጣት ትተዋለህ። ባሕር ካልወጣህ አትቆስልም። ካልቆሰልክ እኔ ቤት አትመጣም። ይኸው ነው። ስትወድቅ ሰዓቱን እጫንና እፈራ ነበር፤ ከፍርሃቱ ሥር ግን ደስ ይለኝ ነበር።”

እንዲህ ያለ ረጅም ነገር ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም።

“አውቅ ነበር” አለ። በሦስት ቀን የመጀመሪያው ቃሉ ነው።

“ምኑን?”

“እንደማትናገሪ። ሌላ ቤት ብሄድ በማግስቱ መንደሩ ሁሉ ይሰማ ነበር። ስለዚህ አንቺ ጋ መጣሁ። አሸንዳውንም የጠገንኩት ለዚያ ነው። እኔም ደግ ሆኜ አይደለም፣ ማማ።”

“እንደማልናገር በምን አወቅህ?”

ከት ብሎ ሊስቅ ሞከረና ራሱ ዞረበት፤ ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ።

“ቤትሽ ከባሕሩ ላይ ሆኜ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል” አለ። “እኔ ገና ሰሌዳዬ ላይ ሳልቆም፣ ማዕበሉ ከሩቅ መነሳት ሲጀምር፣ ሁለተኛውን ነጭ ወንበር ከውስጥ ስታወጪ አይሽ ነበር።”

ክንዱን ዘረጋልኝ፤ መስኮቱ ጋ መሄድ ፈልጎ ነው። ያዝኩት።